ከሦስቱ አንዱ ቀበሮ ሲሆን፦ ባለ 32 ገጽ የሦስትዮሽ ፍቅር ማንጋ ከባዶ ወረቀት እስከ ንድፍ

በጃፓን የቦይስ ላቭ ማንጋ ውስጥ፣ ማለትም የወንዶችን ፍቅር በሚተርከው የሥዕል ታሪክ ውስጥ፣ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቅርጽ አለ። ሁለት ወንዶች ሊዋደዱ ጫፍ ላይ ደርሰው ሳለ ቀበሮ፣ ሙት ወይም ሌላ ጉደኛ ፍጡር መሀላቸው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግርግርና ሳቅ ነው። ማንበቡ ቀላል ነው። ልሥራው ብለው የሚነሱ ግን ደጋግመው አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ፦ ፍጡሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጆሮ አለው፣ ጅራት አለው፣ ያምራል፤ ጅራቱን ቆርጣችሁ ተራ ጎረቤት ብታደርጉት ግን ከታሪኩ ምንም አይጎድልም። መሀሉ ላይ ታሪኩ የሚደርቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ እስከ ኔሙ ድረስ ይወስዳችኋል። ኔሙ የጃፓን ማንጋ ሠሪዎች ከመጨረሻው ሥዕል በፊት ገጽ በገጽ በእርሳስ የሚያወጡት ሻካራ ንድፍ ነው። ፓነሉ፣ ማለትም ገጹ ላይ በክፈፍ የተከለለው አንዱ ሥዕል፣ የት እንደሚወድቅ፣ ማን ምን እንደሚል፣ ማን ወዴት እንደሚያይ እዚያ ላይ ይወሰናል። የመጽሔት አዘጋጅ «ይህን ጣል፣ ያንን አስረዝም» የሚለውም በዚህ ደረጃ ነው። ቀለም፣ ጂ-ፔን (የሥዕል ብዕር)፣ ስክሪንቶን (ለጥላ የሚለጠፍ ነጠብጣብ) የሚባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኔሙ ላይ የማያስቅ ገጽ በቀለም አያስቅም።

ከመቀመጣችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ትንሽ ካርድ። ታብሌቱን ዝጉት። ስክሪን ላይ የጀመረ ሰው ገጽ 3 ላይ ፀጉር ማሳመር ይጀምራል፤ ገጽ 4 አይመጣም።

ወረቀቱን ለሁለት አጥፉትና ሁለት ፊት ለፊት የሚገናኙ ገጾች አድርጉት። ገጾችን ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ሥሩ፤ አንባቢም የሚያያቸው ጥንድ ሆነው ነው።

32 ገጽ የመረጥኩት መጻሕፍት በ16 ገጽ ክፍል ስለሚታተሙና ለአንድ ሙሉ አጭር ታሪክ ስለሚበቃ ነው። በ16 ገጽ ሦስት ሰው ማስተዋወቅ ይቻላል፤ ሦስቱንም እንዲወደዱ ማድረግ ግን ለጀማሪ ይከብዳል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ቁረጡ፦ ሦስቱም ለአቅመ አዳም የደረሱ ሰዎች ይሁኑ፣ ሲታዩም ይምሰሉ። ሠራተኞች ወይም የመጨረሻ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አድርጓቸው። «ዕድሜው 300 ዓመት ነው፣ መልኩ ግን የልጅ ነው» የሚለው ዘዴ እዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። በጃፓን ኢዋቴ ክፍለ ሀገር አካባቢ የሚነገርላትን፣ ቤት ውስጥ የምትኖረውን ዛሺኪ-ዋራሺን ከፍቅር ታሪክ ውጪ የማደርጋትም ለዚሁ ነው፤ እሷ የልጅ መንፈስ ናት።

ደረጃ 1፦ አንድ ደንብ ጻፉ

ካርዱን አውጡ። ፍጡሩ የሚገዛበትን ደንብ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ምን ያደርጋል፣ ምን አይችልም፣ ምን ያስከፍለዋል። አራተኛ ዓረፍተ ነገር ካስፈለጋችሁ ደንቡ ገና አልበሰለም።

እስከ መጨረሻው የምንጠቀምበት ምሳሌ ይኸውና። ቦታው ኪዮቶ፣ ለሩዝ አምላኩ ለኢናሪ የተሠራው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ አጠገብ ያለ ትንሽ ቶፉ ቤት፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ ነው። ሶታ፣ 27 ዓመቱ፣ ከአያቱ የወረሰውን ቤት ብቻውን ያንቀሳቅሳል። ናኦያ፣ 29 ዓመቱ፣ አኩሪ አተር በጆንያ የሚያመጣለት ሰው ነው። ኮጋኔ ከተራራው የወረደ ቀበሮ ነው። ካርዱ እንዲህ ይላል፦

ኮጋኔን የሚያይ ሁሉ፣ በዚያች ቅጽበት በልቡ የያዘውን ሰው መልክና ድምፅ ያያል፣ ይሰማል። መስታወት ውስጥ ግን ትክክለኛ ፊቱ ይታያል። ኮጋኔ ይህን ማቆም አይችልም፤ ስለዚህ ከተወለደ ጀምሮ ማንም እሱን ራሱን አይቶት አያውቅም።

አሁን ደንቡ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። ሶታ ቀበሮውን ሲያይ ናኦያን ያያል፤ ናኦያ ሲያየው ሶታን ያያል። ሶታ «ይህ ቀበሮ አንተን መስሎ ይታየኛል» ብሎ ለናኦያ ቢነግረው ፍቅሩን ተናገረ ማለት ነው። ደንቡን ማስረዳት ራሱ ኑዛዜ ሆነ። አንባቢ «ለምን አይነጋገሩም?» ብሎ የሚሰለችበት በር የሚዘጋው እንዲህ ነው። የሦስትዮሽ ፍቅር ታሪክ ትልቁ በሽታ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ አለመግባባት ነው፤ ጥሩ ደንብ ያቺን ዓረፍተ ነገር ውድ ያደርጋታል።

ፈተናው፦ ካርዱን ሸፍናችሁ ታሪኩን ለጓደኛችሁ በአፍ ንገሩት። ያለ ፍጡሩም ከተነገረ፣ ካርዱን ቅደዱና እንደገና ጀምሩ።

ቀበሮ ካልጣማችሁ፣ የጃፓን አፈ ታሪክ የተዘጋጁ ደንቦች አሉት። ካፓ አናቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ከፈሰሰ ኃይሉ ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ሰላምታ በሚለዋወጥበት አገር ይህ ብቻውን ኮሜዲ ነው። ጹኩሞጋሚ መቶ ዓመት የሞላው ዕቃ ነፍስ ሲዘራ ነው፤ ከባለቤቱ መራቅ የማይችል አሮጌ ጃንጥላ ቀጠሮ ላይ ይዞ የመሄድን ጣጣ አስቡት። ኢኪሪዮ የሕያው ሰው መንፈስ ከአካሉ ወጥቶ ሲዞር ነው፤ እዚህ ላይ ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፣ ተቀናቃኙም ራሱ። ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ይኸኛው ነው፣ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። ሙት ከመረጣችሁ ኦቦንን ተጠቀሙ። በአብዛኛው የጃፓን ክፍል ከነሐሴ 7 እስከ 10፣ በፈረንጆቹ ኦገስት ከ13 እስከ 16፣ የሞቱት ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ተብሎ ይታመናል። የጊዜ ገደቡ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው።

ሺኒጋሚን፣ ማለትም ነፍስ ወሳጁን፣ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም። ሞት ገጹ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቀልዱን መልሶ ማንሳት ልምድ ይጠይቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኢናሪ ቀበሮዎች የአምላኩ መልእክተኞች እንጂ አምላኩ አይደሉም። በመቅደሱ ደጃፍ ያሉት የድንጋይ ቀበሮዎች በአፋቸው ቁልፍ፣ ሉል፣ ጥቅልል ወይም የሩዝ ዛላ ይይዛሉ። ኮጋኔን «የቀበሮ አምላክ» ካላችሁት ጃፓናዊውን ባህል የሚያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ይሰናበታችኋል። ተራ፣ ሥራ ፈት፣ ሆዳም ቀበሮ አድርጉት። ቀበሮ የተጠበሰ ቶፉ ይወዳል የሚለው እምነት በጣም የተለመደ ስለሆነ ኡዶን በሚባለው ወፍራም የስንዴ ፓስታ ላይ የተጠበሰ ቶፉ ሲጨመር ምግቡ ራሱ የቀበሮ ኡዶን ይባላል። ቶፉ ቤቱን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ መጥበሻው በጋለ ቁጥር ጅራቱ ይወጣል።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት መስመር

በካርዱ ጀርባ ለሦስቱም ሁለት ሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይደብቃል።

ሶታ ናኦያን ይፈልጋል፤ ቤቱ ሊዘጋ እንደተቃረበ ይደብቃል። ናኦያ ሶታን ይፈልጋል፤ ጆንያውን በመኪና ልጅ ልኮ ማድረስ ሲችል ራሱ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ይደብቃል። ኮጋኔ እሱን ራሱን የሚያይ አንድ ዓይን ይፈልጋል፤ ሶታን መውደዱን ይደብቃል።

የሦስተኛው ሰው መስመሮች ከሌሎቹ ካጠሩ ችግር አለ። ሦስተኛው ሰው የእንጀራ ልጅ ሆኖ የቀረበት ታሪክ ሦስት ማዕዘን የለውም፤ ሁለት ሰዎችና አንድ መሰናክል ነው ያለው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሦስተኛው ሰው ብቻውን የሚሆንበት፣ ቀልድ የሌለበት አንድ ገጽ ስጡት። በእኛ ታሪክ ገጽ 18 ነው።

በዘውጉ ልማድ ጥንዶች አሳዳጅና ተቀባይ፣ ሴሜና ኡኬ፣ ተብለው ይመደባሉ። አንባቢው ምደባውን ገና ሽፋኑ ላይ በቁመትና በዓይን አሳሳል ይፈልገዋል። ተጠቀሙበት፣ ግን አትታሰሩበት። ናኦያ ረጅምና ጠንካራ ሆኖ መናገር የሚፈራው እሱ ቢሆን ቀልዱ በነጻ ይመጣል።

አጠራርንም እዚሁ ወስኑ። ጃፓን ውስጥ በቤተሰብ ስምና በአክብሮት ቅጥያው በ«ሳን» የሚጠራራ ሰው ወደ ግል ስም ሲሻገር ትልቅ ድንበር አለፈ ማለት ነው። ናኦያ ሶታን ሁልጊዜ በቤተሰብ ስሙ «ሺራካዋ-ሳን» ይለዋል። ኮጋኔ፣ ሥርዓት የማያውቅ ቀበሮ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው «ሶታ!» ይላል። ሶታ በናኦያ ድምፅ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ደረጃ 3፦ መጨረሻውን አሁን ቁረጡ

ማን ከማን ጋር እንደሚቀር ሳትወስኑ ገጽ 1ን አትንኩ። «እየሠራሁ ይገለጥልኛል» የሚል ሰው ለሁለቱም እኩል እያዳላ ሄዶ መጨረሻ ላይ አንዱን በመኪና አደጋ ያስወግዳል።

ሦስት መውጫ አለ፦ ሰውዬው ያሸንፋል፣ ፍጡሩ ያሸንፋል፣ ወይም ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ እየተጨቃጨቁ ይቀጥላሉ። ሦስተኛው ለተከታታይ ታሪክ ይመቻል፤ ለአንድ አጭር ሥራ ግን አንባቢን ያለ እራት መሸኘት ነው። እኛ የመጀመሪያውን ወስደናል። የተሸነፈው ግን የሚፈልገውን ነገር ከሌላ አቅጣጫ ማግኘት አለበት፤ የሚያገኘውም በዚያው ደንብ በኩል ይሁን። ኮጋኔን የሚያስበው ሰው ኮጋኔን ራሱን ያያል፣ አይደለም? እንግዲህ እሱን የሚያስብ ሰው ከወዲሁ እንትከል። ማታ ማታ ጋሪ ላይ ኡዶን የሚሸጠው ጌን፣ ከጀርባው የተሰቀለች መስታወት አለችው።

ደረጃ 4፦ ገጾቹን አከፋፍሉ

የጃፓን ተረት አወቃቀር አራት እርምጃ አለው፦ መነሻ፣ ማሳደግ፣ መገልበጥ፣ መቋጫ። በእሱ ላይ ደርድሩ።

ገጽ 1፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሶታ የአኩሪ አተር ወተቱን እያማሰለ ናኦያን ያስባል። በር ይንኳኳል።
ገጽ 2፦ በሩ ይከፈታል። ናኦያ ቆሟል፤ ከኋላው ጅራት አለ።
ገጽ 3–5፦ ደንቡ በአላፊ አግዳሚው ላይ ይታያል። ፖሊሱ አማቱን አይቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰካራሙ አለቃውን አይቶ ይሸሻል።
ገጽ 6፦ መስታወት። እንግዳ ፊት።
ገጽ 7–9፦ ስምምነት፤ ቀበሮው በተጠበሰ ቶፉ ደሞዝ ይቀጠራል። ገጽ 9 ላይ ጌን በመስታወቱ ውስጥ አንድ ፊት አይቶ ማንኪያው ከእጁ ይወድቃል። አንድ ፓነል ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ።
ገጽ 10–15፦ አለመግባባቱ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው እየከፋ።
ገጽ 16–17፦ ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ።
ገጽ 18፦ ኮጋኔ ብቻውን።
ገጽ 19–20፦ ናኦያ ወደ መቅደሱ ይወጣል፤ ሶታ መስሎት ለቀበሮው ፍቅሩን ይናገራል።
ገጽ 21–23፦ ሶታ እንደሚወደድ የሚያውቀው አሁን ኮጋኔ ብቻ ነው። ሊደብቀው ይሞክራል፣ አይሆንለትም።
ገጽ 24፦ ኮጋኔ የቶፉ ቤቱን መስታወት ነቅሎ ሁለቱ ፊት ያቆማል።
ገጽ 25–28፦ ሶታና ናኦያ።
ገጽ 29–32፦ ጌን፣ ኡዶን፣ ያልተከፈለ ሂሳብ።

መሀሉ፣ ከ10 እስከ 15 ያለው፣ ብዙ ሰው የሚሰምጥበት ረግረግ ነው። ምክንያቱ ሦስቱ አለመግባባቶች አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ነው፤ አንድ ቀልድ ሦስት ጊዜ። ስለዚህ በየጊዜው የሚጎዳውን ሰው ቀይሩ። መጀመሪያ ሶታ ያፍር፦ ቀበሮው መስሎት እውነተኛውን ናኦያን በመጥረጊያ ያባርረዋል። ቀጥሎ ናኦያ ይደናገር፦ ቤቱ ውስጥ ቁጥብ የሆነው ሶታ መቅደሱ ጋ ሲያገኘው እንደ ሕፃን ይቦርቃል፤ ሰውዬው ሁለት ባሕርይ ያለው ይመስለዋል። በመጨረሻ ኮጋኔ ይጎዳ፦ ሶታ እጁ ላይ በያዛት ትንሽ መስታወት አጣርቶ «አሃ፣ አንተ ነህ» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ያቺ «አንተ ነህ» ገጽ 18ን ትወልዳለች።

ከተበላሸ፦ ደንቡ ያላሰባችሁትን ቀዳዳ ካመጣ፣ ለምሳሌ «ሰውየው ምንም ካላሰበ ምን ያያል?»፣ ቀዳዳውን በማብራሪያ አትድፈኑት። ቀልድ አድርጉት። ምንም የማያስብ ሰው ባዶ ፊት ይየው። ጃፓን ኖፔራቦ የሚባል አፍንጫም ዓይንም የሌለው ፍጡር ስላላት አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

ደረጃ 5፦ ገጽ ማገላበጥን ለድንገተኛ ነገር አስቀምጡ

በጃፓን አቆራረጥ መጽሐፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ገጽ 1 ብቻውን ግራ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ 2 ቀኝ፣ 3 ግራ። አንባቢው ገጽ የሚያገላብጠው ጎዶሎ ቁጥር ገጽ ጨርሶ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጎዶሎው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ መልሱ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ያለው ገጽ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ከላይ ያለውን ዝርዝር መልሳችሁ እዩት፦ በሩ የሚከፈተው 2፣ መስታወቱ 6፣ ኑዛዜው 20፣ ሦስቱ ፊቶች 24።

አንድ ገጽ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ፓነል በቂ ነው። ለቀልድ ገጽ ጨምሩ፣ ለስሜት ገጽ ቀንሱ። ገጽ 18 ሁለት ፓነል ብቻ ቢኖረው ይበቃዋል።

ከተበላሸ፦ ትልቁ ቅጽበት ጎዶሎ ገጽ ላይ ከወደቀ፣ ከፊቱ አንድ ገጽ አትጨምሩ። አንድ ገጽ አውጡ። የሚወጣ ገጽ ሁልጊዜ ይገኛል።

ደረጃ 6፦ «ማን እያየ ነው?»

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የእኛ ደንብ አንድ ሰው እንደ ተመልካቹ ሌላ ሌላ መልክ እንዲይዝ ያስገድዳል። አንባቢው ግራ ከተጋባ ሳቁ ይጠፋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. በእያንዳንዱ ፓነል ጥግ ላይ የተመልካቹን የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ጻፉ። «ሶ»፣ «ና»፣ ወይም «ማንም»። «ማንም» የሆነ ፓነል ላይ ኮጋኔ ከጀርባው ወይም በጥላ ይሳል።

2. መልክ በተቀየረ ቁጥር፣ ከዚያ በፊት ያለው ፓነል የተመልካቹን ዓይን ወይም ትከሻ ያሳይ። መጀመሪያ የሚያየው ሰው፣ ቀጥሎ የሚታየው። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ እንኳ ከተገለበጠ አንባቢው ይጠፋል።

3. ለኮጋኔ የማይለወጥ ምልክት ስጡት። ልብስ አይሆንም፤ መልክ ሲቀየር ልብስም ይቀየራል። ጆሮው ላይ ያለች ትንሽ ቁራጭ ወይም የጥላው ቅርጽ ይሁን፤ ጥላው ሁልጊዜ የቀበሮ ነው። ምልክቱን ገጽ 2 ላይ በጉልህ አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ አታብራሩት።

4. ገጽ 16–17ን ለብቻው ሥሩት። ሁለቱ ገጾች ተገናኝተው አንድ ክፍል ይሁኑ፤ ኮጋኔ መሀል መጋጠሚያው ላይ አይቀመጥ፣ ፊቱ ማጠፊያው ውስጥ ይዋጣል። ቀኙን ገጽ ለሶታ ስጡ፦ ሁለት ናኦያ ያያል። ግራውን ለናኦያ፦ ሁለት ሶታ። የሁለቱም ገጾች ንግግር አንድ ዓይነት፣ ቃል በቃል ይሁን። ከሁለቱ መስመር አንዷን ብትቀይሩ ቀልዱ ይሞታል።

ከተበላሸ፦ ገጹን ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡና «ይህ ማን ነው?» እያላችሁ በጣት ጠይቁ። ከተሳሳተ ቀስት ወይም ጽሑፍ አትጨምሩ፤ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የተመልካቹ ፓነል ነው።

ደረጃ 7፦ ቀልዱን የት እንደምታቆሙ ምልክት አድርጉ

ማንጋ ለቀልድ ሰውን ያሳጥራል፦ ትልቅ ጭንቅላት፣ ነጥብ ዓይን፣ ጣት የሌለው እጅ። ይህን አሳሳል የምትጠቀሙባቸውን ገጾች ቁጠሩ። ገጽ 18 ላይ፣ ከ20 እስከ 24፣ አትጠቀሙበት። አንባቢው ሰውነታቸው በትክክለኛ ቁመቱ ሲሳል ነገሩ የምር እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። በተዋሰው ፊት መሳሳም አይኖርም። ናኦያ ሶታ መስሎት ለኮጋኔ ሲናገር፣ ኮጋኔ ዕድሉን ተጠቅሞ ቢስመው ያ ማታለል ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ጅራት አያስቅም። እጁን ሊይዝ ሲል ኮጋኔ ራሱ ይሽሽ። ለፍቅር መድኃኒትና ለድግምትም ያው ነው፤ አስማት ፍቅርን መደበቅ፣ ማጋለጥ፣ ማደናበር ይችላል፣ መፍጠር ግን አይችልም። ካርዳችሁ ላይ «ይወደዋል» የሚያሰኝ አስማት ካለ ሰርዙት።

ድምፆችን በተመለከተ አማርኛ ሀብታም ነው፤ የጃፓኑን አትገልብጡ። ክፍሉ ዝም ሲል «ጭር»፣ ሶታ ሲደነግጥ «ክው»፣ ልቡ ሲመታ «ድም ድም»፣ ጅራቱ ሲወጣ «ዱብ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ፊደሎቹ የሥዕሉ አካል ይሁኑ፤ በኮምፒውተር ፊደል የተለጠፈ «ክው» አያስደነግጥም።

ደረጃ 8፦ ለአማርኛ አቅጣጫና ለንግግር ፊኛ

ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ የንግግር ፊኛዎቹ ረጅምና ጠባብ ናቸው። አማርኛ አግድም ይሄዳል፣ ቃሎቹም ይረዝማሉ። የጃፓኑን ፊኛ ቅርጽ ከቀዳችሁ አንድ ግሥ ለሦስት ይሰበራል። ፊኛውን በአግድም ሰፋ አድርጉ፤ ከሦስት መስመር አይብለጥ። ጽሑፉን ኔሙ ላይ በእጃችሁ፣ በሚታተምበት መጠን ጻፉት። «በኋላ አስገባዋለሁ» ያለ ሰው በኋላ የገጸ ባሕርይውን ፊት ይሸፍናል።

አቅጣጫ ላይ ምክሬ አጭር ነው። በአማርኛ አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ሥሩ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። የገጽ ቁጥሩ ሒሳብ አይለወጥም፤ 2 እና 3 አሁንም ፊት ለፊት ናቸው፣ ድንገተኛው ነገር አሁንም ሙሉ ቁጥር ላይ ነው። ገጽ 16–17 ላይ ብቻ የሶታ ገጽ ወደ ግራ ይዛወር።

ከቀኝ ወደ ግራ የተሠራውን ግን በመስታወት ገልብጣችሁ አታስተካክሉት። ኪሞኖ የሚለበሰው የግራው ክንፍ በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው፤ በተቃራኒው የሚደረበው ሬሳ ሲገነዝ ብቻ ነው። ገጹን ስትገለብጡት ኪሞኖ የለበሰ ሕያው ሰው ሁሉ ሙት ይሆናል። የመንፈስ ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንባቢ እሱን እንደ ፍንጭ ይወስደዋል።

ለስልክ ወደ ታች የሚንሸራተት ካደረጋችሁት የገጽ ማገላበጡ ይጠፋል። በእሱ ምትክ ከድንገተኛው ፓነል በፊት አንድ ሙሉ ስክሪን የሚያህል ባዶ ቦታ ተዉ።

ደረጃ 9፦ ንባብና ጥገና

ኔሙን ለሁለት ቀን ደብቁትና ሦስት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ንግግሩን ብቻ፤ ሁለተኛ ሥዕሉን ብቻ፣ ጽሑፉን በእጅ ሸፍናችሁ፤ ሦስተኛ የሦስተኛውን ሰው ገጾች ብቻ። ኮጋኔ ያለበትን ገጽ ብቻ ነጥላችሁ ስታነቡ የራሱ ታሪክ ካልወጣው ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሚገጥሟችሁ አራት ብልሽቶች እነዚህ ናቸው።

አንባቢዎቻችሁ ሁሉ ቀበሮውን መረጡ፣ ናኦያን ጠሉ። ናኦያን የበለጠ ጥሩ ሰው አታድርጉት፤ የበለጠ አስቂኝ አድርጉት። ፍጹም ሰው ከጅራታም ቀበሮ ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም። አንድ ነገር ላይ ይክሸፍ፤ ኑዛዜውን ወረቀት ላይ ጽፎ ከጆንያው ደረሰኝ ጋር ያምታታው።

ደንቡ ገጽ 3 ላይ አልገባቸውም። ማብራሪያውን ከኮጋኔ አፍ አውጡና የሚያየው ሰው ላይ አድርጉት። ሦስት አላፊ አግዳሚ፣ ሦስት የተለያየ ድንጋጤ፤ ንግግር አያስፈልግም።

መጨረሻው ላይ የጌን መምጣት ዱብ ዕዳ መሰላቸው። ገጽ 9 ላይ ያለው ፓነል አንሷል ማለት ነው። ፓነሉን አታሳድጉት። ገጽ 13 ላይ ጌን ሁለት ሳህን አስቀምጦ አንድ ሰው ሲጠብቅ የሚታይበት ሌላ ትንሽ ፓነል ጨምሩ።

ኑዛዜው ገጽ ላይ ሳቁ። ከፊቱ ባለው ገጽ 19 ላይ የቀረውን ቀልድ ሁሉ አውጡ፤ ናኦያ በመቅደሱ ቀያይ በሮች ሥር ደረጃውን ሲወጣ ብቻ ይሳል፣ ያለ ቃል። አሁንም ከሳቁ፣ ገጽ 20 ላይ የኮጋኔን ጅራት ሳትሰርዙት ረስታችኋል።

ይህን ሁሉ ካለፈ፣ ያን ጊዜ ታብሌቱን ክፈቱ። ለጥቁርና ነጭ ኅትመት ሰነዱን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ጀምሩ፤ አሳንሶ የጀመረ ሰው ስክሪንቶኑ ሲታተም ይዝጎረጎርበታል። በወረቀት የምትቀጥሉ ከሆነ የጃፓን መጽሔቶች መደበኛ የማንጋ ወረቀት ቢ4 ነው፣ የውስጥ ክፈፉም 180 በ270 ሚሊ ሜትር። ፊትና ንግግር ከዚያ መስመር ውጪ አይውጣ።